መሀሉን ያላነበቡት ዳኞች

ትርንጎን የበደሏት ሊቀ ማኅበር ድልነሳው ናቸው። አስቀድሜ የምናገረው፣ ወሬው ገፋ ሲል «የልጅቱም ጥፋት አለበት እኮ» የሚል አስታራቂ ስለማይጠፋ ነው። የለበትም። በዳዩ ሲያስነጥሱ አገር በሙሉ «ይማርዎ» የሚላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ተበዳይዋ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። ማስታረቅ የሚወድ ሰው ከዚህ በኋላ ያለውን ባያነብ ይሻለዋል።

የአገሪቱን ስም አልጠራም። ፈልጋችሁ አታገኟትም፤ ሳትፈልጓት ግን ደጃችሁ ድረስ ትመጣለች።

በዚያች አገር የደግ አሳቢዎች ማኅበር የሚባል ነበረ። አባላቱ አሥራ ሁለት ናቸው። ሥራቸው ለሕዝቡ ደግ ደጉን ማሰብ ነው። ሲያስቡ አዳራሻቸው ይዘጋል፣ ጠጅ ይገባል፣ ሙክት ይገባል፤ አስበው ሲጨርሱ በሩ ይከፈትና ሕዝቡ ያመሰግናል። ምን እንዳሰቡለት መጠየቅ ብልግና ነው። የታሰበለት ሰው «ታስቦልኛል» ብሎ ወደ ቤቱ መሄድ አለበት።

አዳራሹ ደግሞ የራሱ ወግ አለው። ደፉን የተሻገረ ሁሉ እስኪወጣ ድረስ አንገቱን ይደፋል። አንገት ጠባቂ የሚባል ሹም አለ፤ ረጅም ሸምበቆ ይዞ በአግዳሚዎቹ መካከል ይመላለሳል፣ አገጩ ከደረቱ የተላቀቀ ሰው ካየ ማጅራቱን ጠቅ ያደርገዋል። የታዘለ ሕፃን ፊቱ በነጠላ ይሸፈናል፤ ሕፃን አንጋጦ ማየት ይወዳልና። ለምን ሲባል «ትሕትና ነው» ይላሉ። አዋጁ የወጣው አዳራሹ ተሠርቶ ባለቀ በሳምንቱ ነው። ከዚያ በፊት በአገሩ ትሕትና አልነበረም ማለት ነው እንግዲህ።

ይህ ማኅበር በዓመት አንድ ጊዜ የትምህርት ቤቱን ልጆች ድርሰት ያወዳድራል። አንደኛ የወጣው ልጅ ወንዙን ተሻግሮ ላይኛው ትምህርት ቤት ይገባል። በዓመት አንድ ልጅ ብቻ፤ ሌላ መሻገሪያ የለም። የቀረው ከስድስተኛ ክፍል ወጥቶ ድንጋይ ይፈልጣል፣ ሴት ከሆነች ያባቷ ጓደኛ ያገባታል። ስለዚህ ውድድሩ በደረሰ ጊዜ እናቶች ስለት ይሳላሉ።

የውድድሩ ወረቀት የሚመጣው ከማኅበሩ ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርና የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ታትመውበት ይመጣሉ። የመጀመሪያውን የሚደርሰው የመነሻ ሹም ይባላል። የመጨረሻውን የሚደርሰው የመድረሻ ሹም ነው። ሁለቱ ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው አያይም። ቢሆንም ገጥሞላቸው ያውቃል። መነሻው «ደግ አሳቢዎቻችን ከፀሐይ ቀጥለው የምንሞቃቸው ናቸው» ይላል፤ መድረሻው «ስለዚህ እጅ ነሥተን እናመሰግናለን» ይላል። ልጆቹ የሚጽፉት መሀሉን ነው።

ዳኝነቱስ? የመነሻ ሹም የራሱን ዓረፍተ ነገር ያነብና «ግሩም» ይላል። ሌላውን ወረቀት ያነሣል፣ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ያነባል፣ «ግሩም» ይላል። ስድሳ ወረቀት ቢመጣ ስድሳ ጊዜ ራሱን ያደንቃል። የመድረሻ ሹምም ከግርጌ ጀምሮ እንደዚያው። መሀሉን በማስመሪያ ይለኩታል። መስመሩ ቀጥ ካለ፣ ስርዝ ድልዝ ከሌለው፣ ፊደሉ ካማረና ከዳር እስከ ዳር ከሞላ መልካም ድርሰት ነው። በመጨረሻ ሊቀ ማኅበሩ «አንብበን ፈርደናል» የሚል ማኅተም ይመቱበታል። በሽልማቱ ቀን የመነሻ ሹም ተነሥቶ መነሻውን ያነባል፣ የመድረሻ ሹም መድረሻውን ያነባል፣ በሁለቱ መካከል ከበሮ ይመታል። ሕዝቡ ያጨበጭባል። ስንት ዘመን እንዲህ ተኖረ።

ውድድሩ ሲያልፍ ወረቀቱ ከአዳራሹ ጓሮ ይጣላል። ያንን እየለቀመች የምትወስድ ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ደብሪቱ በትምህርት ቤቱ በር ቆሎ ሻጭ ናት። ወረቀቱን ጠቅልላ፣ ጫፉን አጥፋ፣ ቆሎ ትሞላበታለች።

ትምህርት ቤት የገባችው ታናሿ ማናየሽ ነበረች፤ ቤቱ ሁለት ልጅ ማስተማር ስላልቻለ ደብሪቱ በሩ ላይ ቀረች። ከበሩ ሆና ተማረች። አንድ ፊደል ላሳያት ልጅ አንድ እፍኝ ቆሎ ትመርቅለታለች፤ ልጆቹም ቆሎ ሲያምራቸው ከ«ሀ» ጀምረው እስከ «ፐ» አደረሷት። ከዚያ ማንም ሊያስቆማት አልቻለም። የጨው መጠቅለያ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ በግድግዳ ላይ የተለጠፈ አዋጅ፣ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች። ሰው «ደብሪቱ ቆሎውን ትሸጣለች ወረቀቱን ትበላለች» እያለ ይቀልድባት ነበር።

እንግዲህ በዚያ አገር የልጆቹን መሀል ያነበበ ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ናት። አንዱ የማባዣ ሠንጠረዥ ገልብጦ ሦስተኛ ወጥቷል። አንዷ የፍየሏን መውለድ ጽፋለች፤ ግልገሉ በእግሩ ቀድሞ መጣ፣ እስከ ግርጌው ድረስ እየወጣ ነው፣ የመድረሻ ሹም «ስለዚህ እጅ ነሥተን እናመሰግናለን» ብሎ ይቋጨዋል። ደብሪቱ በዚህ በሩ ላይ ብቻዋን ስትስቅ ዕብድ መሰለች። አንድ ወረቀት ላይ ግን ባማረ ፊደል «ርቦኛል» የሚል ቃል ሃያ ሁለት ጊዜ ተጽፎ አገኘች። ሁለተኛ የሚል ማኅተም ነበረበት። ዳኞቹ ፊደሉን ወደውታል። የዚያን ቀን ቆሎውን ሳትሸጥ ወደ ቤቷ ገባች።

ማናየሽ ስትሞት ልጇ ትርንጎ ለደብሪቱ ቀረች። ትርንጎ ጸጥ ያለች፣ እጇ የቀና ልጅ ናት። ስድስተኛ ክፍል ደረሰች፤ የውድድሩ ወረቀት ታደለ። ማታ ራት ላይ ምን ልጻፍ ብላ አክስቷን ጠየቀቻት።

«የፈለግሽውን» አለች ደብሪቱ። «ማስመሪያ እንጂ ዐይን የላቸውም።»

«አንቺ ግን ታነቢዋለሽ፣ እቴቴ።»

«ቆሎ ልጠቀልልበት ሲመጣ አነበዋለሁ።»

«እንግዲያው ለአንቺ እጽፈዋለሁ» አለችና ወረቀቱን ይዛ ጥግ ያዘች። ደብሪቱ ልትሰልል ብትሞክር በክንዷ ሸፈነችባት።

የትርንጎ ፊደል እንደ ተጠለፈ ጥለት ነው። ማስመሪያው ቢለካት ቢለካት እንከን አጣባት። አንደኛ ወጣች። የሊቀ ማኅበሩ የልጅ ልጅ ስርዝ ስለነበረበት ሁለተኛ ሆነ፤ አያትየው ከንፈራቸውን ቢነክሱም ስርዝ ስርዝ ነው፣ ማኅተሙን መቱላት። ደብሪቱ እልል ብላ ሠፈሩን ሰበሰበች፤ እህቷ ብትኖር ምን ትል ነበር እያለች ስታለቅስ ጎረቤቶቿ እንኳ ለደስታ ነው ለኀዘን አልለይ አላቸው።

በዚያ ዓመት ለሽልማቱ ከወንዝ ማዶ አንድ ትልቅ እንግዳ ተጠርተው ነበር። የመነሻ ሹም ተነሥቶ መነሻውን አነበበ። ከበሮው ተጀመረ። እንግዳው የመንገድ ድካም ነበረባቸውና ራሳቸውን አመማቸው። እጃቸውን አንሥተው ከበሮው ይቅርና ልጅቷ መሀሉን ታንብብልን አሉ።

እንዲህ ያለ ነገር ተጠይቆ አያውቅም። አሥራ ሁለቱ ደግ አሳቢዎች እርስ በርስ ተያዩ። የሚከለክል ሕግ ደግሞ የለም፤ ማንም ይጠይቃል ብሎ ያሰበ አልነበረማ። ትርንጎ ወረቀቷን ይዛ ወጣች። አንገቷን ደፍታ፣ እንደ ደንቡ፣ እንዲህ ብላ አነበበች፦

«ስድስተኛ ክፍል ጣራ የለውም። ቆርቆሮው ታድሶ ይመለሳል ተብሎ ከወረደ ሁለት ክረምት አልፎታል። ዝናብ ሲመጣ ጥቁር ሰሌዳውን ከግድግዳ አውርደን ጫፍና ጫፉን ይዘን ከራሳችን በላይ እንሸከመዋለን። ከሥሩ አሥራ አንድ ልጅ ይጠለላል። እኛ ሠላሳ አራት ነን። ስለዚህ በተራ ነው። የሚያስለው ልጅ ተራው ባይሆንም ይገባል፤ ይህን ሕግ ያወጣነው እኛው ነን። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ዝናቡ ስለሚያጥበው ክፍልፋይ የሚባለውን ትምህርት ሁለት ጊዜ ጀምረን ሁለት ጊዜ ትተነዋል።

«ክፍላችን አንድ ልማድ ነበረው። ስድስተኛን የጨረሰ ልጅ ወንበር በወንበር ላይ ደርቦ ይወጣና ስሙን ከቆርቆሮው ሥር በምስማር ይጭራል። ዐርብ ዐርብ የማኅበሩን አዳራሽ የምንጠርገው እኛ ነን። አንድ ዐርብ አቧራ ዐይኔ ገባ፤ ዐይኔን ላሻሽ ብዬ ቀና አልሁ። ማናየሽ የሚል ጽሑፍ አየሁ። የእናቴ እጅ ነው፤ ደብተሯ ቤታችን ስላለ አውቀዋለሁ። ከጎኗ የብዙ ሰው ስም አለ። የስድስተኛ ክፍል ጣራ ያለው እዚያ ነው። እናቴ ስሟን የጻፈችው ለክፍሏ ነበር።»

መጀመሪያ ቀና ያለው አንድ ግንበኛ ነው። ከዚያ ሚስቱ። ከዚያ ነፋስ እንዳገኘው ማሽላ አንገቱ ሁሉ ተነሣ። አንዱ በጣቱ እየጠቆመ የራሱን ስም ፈለገ። አንዲት ሴት በዘመቻ የቀረ ወንድሟን ስም አግኝታ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አንገት ጠባቂው ሸምበቆውን ይዞ ወዲህ ወዲያ ሮጠ፤ የማንን ማጅራት ይንካ? በመጨረሻ እሱም ሰው ነውና አንጋጦ አየ፣ ሁለተኛው ቆርቆሮ ላይ የራሱን ስም አገኘ፣ ሸምበቆውን እንደ ያዘ እዚያው ቆመ።

እንግዳውም ቀና ብለው አዩ። ከዚያ ወደ ታች አዩ። ድምጿ ጥርት ያለ ልጅ ናት አሉና ምሳው ደርሶ እንደሆነ ጠየቁ።

ምሳ ቀረበ። እዚህ ላይ ነው እኔን የሚያነደኝ። ስሙን ከራሱ በላይ ያነበበ ሰው ሁሉ ተቀምጦ የማኅበሩን ሥጋ በላ። ግንበኛው ሁለት ጊዜ አስጨመረ። «እህ፣ ታዲያ ምን እናድርግ? ቆርቆሮ በጥርስ አይነቀል» አለ አሉ፣ አጥንቱን እየጋጠ።

በማግስቱ ጣራው ከውስጥ ጥቁር ቀለም ተቀባ። በሦስተኛው ቀን አዲስ አዋጅ ወጣ፦ ከእንግዲህ አዳራሽ ውስጥ አንገት መድፋት ኩራት ነው፤ የገባ ሁሉ አንጋጦ የተቀባውን ጣራ ያድንቅ። ያው አንገት ጠባቂ፣ በዚያው ሸምበቆ፣ አሁን አገጭ ወደ ላይ እየገፋ ይዞር ጀመር። ሕዝቡም አንገቱን አሸት አሸት አድርጎ አንጋጠጠ።

ለልጅቱ ደግሞ ክስ ተዘጋጀላት። ሊቀ ማኅበሩ ባስነበቡት የክስ ቃል፣ ልጅ እንዲህ ብሎ አይጽፍም፤ ልጅ ስለ ቢራቢሮ ይጽፋል። ይህ የትልቅ ሰው ተንኮል ነው፤ ጸሐፊዋም ቆሎ ሻጯ ናት፣ ልጅቱ ያልጻፈችውን ጻፍሁ ብላ ማኅበሩን አታልላለች። ወንዙን መሻገሯ ቀርቷል፤ ዕድሉ ለሁለተኛው ይሰጣል። ሁለተኛው ማን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ። ነገር ግን ማኅበሩ ደግ ስለሆነ፣ ደብሪቱ አዳራሽ ቀርባ «የጻፍሁት እኔ ነኝ» ብትል ልጅቱ እንደ ተታለለች ተቆጥራ በትምህርት ቤቷ ትቆያለች፣ ለሚመጣው ዓመትም ትወዳደራለች። አልልም ካለች ልጅቱ ከትምህርት ቤት ትባረራለች።

ጎረቤት በሙሉ መጣ። ሁሉም አንድ ምክር ነው የያዘው። አንቺ ምን ይቀርብሻል? ዕድሜሽ ሄዷል። አንድ ቃል ነው፣ በይና ልጅቷን አድኛት። በደብሪቱ አትፍረዱ፤ እሷም ልትል ቆርጣ ነበር። በልጅቱ ፈንታ እሳት ግቢ ቢሏት የምትገባ ሴት ናት፣ ውሸት ምኗ ነው? ነጠላዋን አጥባ አሰጣች፤ ማለዳ ሄዳ ልትናገር ነው።

ትርንጎ የተሰጣውን ነጠላ አይታ ገባት።

«እኔ ነኝ ልትያቸው ነው?»

«ብያቸው ይለቁሻል። ምን አለበት? አንቺ እንደ ጻፍሽው እኔም አውቃለሁ፣ አንቺም ታውቂያለሽ፣ እግዜርም ያውቃል።»

ልጅቱ እጣቷ ላይ የቀረውን ቀለም ስትፍቅ ቆየች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ጣራችንን እነሱ ወሰዱት። ጽሑፌን ደግሞ አንቺ ልትወስጂው ነው፣ እቴቴ?»

ደብሪቱ ነጠላውን ከገመዱ አወረደችው። ገና እርጥብ ነበር።

ሌላም ነገር አለች ልጅቱ፣ ይህንንም ልንገራችሁ። ዘንድሮ የጻፈችውን የእኔ አይደለም ካለች፣ ለሚመጣው ዓመት በምትጽፈው ላይ የማንን ስም እንደምታሰፍር አክስቷን ጠየቀቻት።

አሁን ውጤቱን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ በተስፋ እንዳላስጨርሳችሁ። ትርንጎ ከትምህርት ቤት ተባረረች። የሊቀ ማኅበሩ የልጅ ልጅ ወንዙን ተሻገረ፤ ደብዳቤ በላከ ቁጥር አያትየው የሚያነብላቸው ሰው ይፈልጋሉ ይባላል። ደብሪቱ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሎዋን ይዛ እንድትነሣ ተደረገ። ስድስተኛ ክፍል ዛሬም ሰሌዳ ይሸከማል። የሚያምር መጨረሻ የጠበቀ ካለ የመድረሻ ሹምን ሄዶ ይጠይቅ፤ እሱ ዘንድ ታትሞ የተዘጋጀ አለ።

ይህ ሁሉ የመጣው ደብሪቱ እርጥብ ነጠላዋን ለብሳ፣ ልጅቱን በእጇ ይዛ አዳራሹ በገባች ቀን ነው። አዳራሹ ሞልቷል፤ ሰው ሁሉ አንጋጦ ጥቁር ቀለም ያደንቃል። አሥራ ሁለቱ ከፍ ብለው ተቀምጠዋል። ወረቀቱ ከሊቀ ማኅበሩ ፊት ተዘርግቷል፤ «አንብበን ፈርደናል» የሚለው ማኅተም እንደ ተመታበት ነው፣ ማንም ሊፍቀው ትዝ አላለውም። አንገት ጠባቂው የደብሪቱን አገጭ ሊያነሣ ሸምበቆውን ዘረጋ። እሷ ግን ወደ ላይም ወደ ታችም አላየችም፤ ሊቀ ማኅበሩን ፊት ለፊት አየቻቸው። ለዚህ ሕግ ስላልወጣለት ሸምበቆው አየር ላይ ቀረ።

ሊቀ ማኅበር ድልነሳው ድምፃቸውን አለሰለሱ። ሰው ሲጎዱ ድምፃቸው ማር ነው።

«ደብሪቱ፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። እናት የሌላት ልጅ ከትምህርት ቤት እንድትወጣ አልፈልግም። ዱላ የለ፣ እስር የለ፤ አንድ ቃል ብቻ ነው የምጠይቅሽ። ይህን የጻፈችው ልጅቱ ናት ወይስ አንቺ ነሽ?»

ጎረቤቶቿ ከኋላ «እኔ ነኝ በይ፣ እኔ ነኝ በይ» እያሉ ሲያንሾካሽኩ ይሰማል። ደብሪቱ የትርንጎን እጅ ለቀቀች፤ ልጅቱ ብቻዋን እንድትቆም። ከዚያ ቆሎ ስትሸጥ በምትጣራበት በዚያ ድምፅ እንዲህ አለች፦

«ልጅቱ ናት፣ ጌታዬ። ልጅቱ ጨዋ ስለሆነች የማንንም ስም አላነሣችም። እኔ ብጽፈው ኖሮ ቆርቆሮውን ያወረደውን፣ የተሸከመውን፣ ከሥሩ ተቀምጦ ጠጅ የጠጣውን፣ ከእርስዎ ጀምሬ ከነአባቱ ስም እጽፈው ነበር።»